ድሬዳዋ ላይ ውርስ ሲጣራ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ድንኳኑ ሳይነሳ ስለ ውርስ ማውራት ነውር ነው፤ እሺ። ግን "ከአርባ በኋላ"፣ "ከተዝካር በኋላ"፣ "ወንድማችን ከጅቡቲ ሲመጣ" እየተባለ ዓመቱ ይሞላል። አገራችን ውስጥ ራሱን የቻለ የውርስ ግብር የለም። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚበላው ቤተሰቡ ራሱ የሚሠራው ስህተት ነው።

ሞቱን ሳያስመዘግቡ መቆየት

ሞት በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ወረቀቱን ሲቀበሉ ስሙን ከካርታውና ከባንክ ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። እዚህ "መሐመድ"፣ እዚያ "ሙሐመድ" ከሆነ ምልልሱ ይጀመራል።

የተዝካሩን ወጪ ከውርሱ መቁጠር

ጠቡ በብዛት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍያውን በተራ አስቀምጦታል። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ሟች ይረዳቸው ለነበሩ ሰዎች የሚከፈል ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ። ወራሾች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው።

የቀብር ወጪ የሚባለውም ለሟች የኑሮ ደረጃ የሚመጥነው ብቻ ነው። ተዝካር አይገባበትም፤ ሕጉ ለይቶ አስወጥቶታል። እና ታላቅ ወንድም ተበድሮ በሬ ጥሎ፣ ሰፈሩን አብልቶ፣ "ከቤቱ ሽያጭ ይነሳልኝ" ቢል እህትና ወንድሞቹን ማስገደድ አይችልም። ተስማምተው ቢያካፍሉት መብታቸው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በሬው ሳይገዛ "ወጪው የጋራ ነው" የምትል አንድ ገጽ ጽፎ መፈራረም ነው። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ ኋላ ችሎት ፊት ከመካሰስ ግን ይሻላል። የሬሳ ሳጥን፣ የመኪና፣ የመቃብር ደረሰኞችንም አንድ ላይ ያስቀምጡ። እድሩ የከፈለውን ደግሞ "እኔ ያወጣሁት" ብሎ ማስመዝገብ ያሳፍራል።

ቤቱን በሙሉ የሟች አድርጎ ማየት

ካርታው በአባት ስም ነው እንበል፤ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤት ግን የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ግማሹ የእናት ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው ግማሽ ነው። ልጆቹ አራት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳቸዋል። በሌላ በኩል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት ካልተናዘዘላት በቀር የባሏ ወራሽ አይደለችም። የእሷ ግማሽ የመጣው ከትዳሩ ነው።

"ቤቱን ለእኔ ብሎ ነው የሞተው"

በቃል ኑዛዜ ቤት አይሰጥም። የቃል ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ የሚሰጠው ስጦታም ለእያንዳንዱ ከ500 ብር አይበልጥም። አዎ፣ ዛሬም 500 ብር።

ፋይሉን ያለ ቦታው መክፈት

ውርስ የሚከፈተው ሟች ሲሞት ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ሰውዬው ሐረር ኖሮ ድሬ ቤት ቢኖረው ጉዳዩ የሐረር ነው። ሟች ሙስሊም ከሆነና ባለጉዳዮቹ በግልጽ ከተስማሙ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አንዴ ከመረጡ ወደ መደበኛው መመለስ የለም፤ ስለዚህ አስቀድመው ይነጋገሩ። በፍትሐ ብሔር ሴትና ወንድ ልጅ እኩል ነው። በሸሪዓ ሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ታገኛለች፤ ሟች ልጆች ካሉት ሚስት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ አላት።

የወራሽነት ማስረጃን እንደ ድርሻ መቁጠር

ወረቀቱ ወራሹ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የትኛው ንብረት ለማን እንደሚደርስ አይናገርም። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ ይሾማል፤ አበሉም ከውርሱ ላይ ይነሳል። ቤቱን በስም ለማዛወር ደግሞ ያልተከፈለ የቦታ ግብር ካለ መጀመሪያ እሱ ነው የሚጠየቀው። ጠበቃ ከመያዝዎ በፊት ስም የሚያዛውረው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ሄደው ክፍያዎቹን ይጠይቁ።

ዝም ማለት

ንብረቱን ሌላ ሰው እንደያዘው እያወቀ ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ስላለፈ፣ ሊታገድበት ይችላል። ጅቡቲ ያለው ወንድም መምጣት ካልቻለ እዚያ ባለው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና ይላክ። "በሁሉም ጉዳይ ወክዬዋለሁ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። "ውርስ እንዲያጣራ፣ እንዲካፈል፣ ቤቱን እንዲሸጥ" ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።