ብርሃን የሚያነቃውን የዓይን መድኃኒት ለሬቲና ደህንነት እንዴት እንደሚፈተሽ

ዓይን ውስጥ ተወግቶ ብርሃን እስኪያገኘው ድረስ የማይሠራ መድኃኒት አለ። ሲነቃ ጤነኛውንም ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በጥንቸል ይፈተሻል። የሥነ ምግባር ፈቃድና የእንስሳት ሐኪም ሳይኖር አይጀመርም።

ጥንቸሎቹን አራት ቦታ ክፈሉ፦ መድኃኒትና ብርሃን፣ መድኃኒት ብቻ፣ ብርሃን ብቻ፣ ሁለቱንም የማያገኙ። መድኃኒት የማይሰጣቸውም መበጥበጫ ፈሳሹ ይወጋላቸው፤ የመርፌው የራሱ ጉዳት የሚለየው እንዲህ ነው። ነጭ ጥንቸል ብቻ መጠቀምን አልወደውም፤ ዓይኑ ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም ስለሌለው የብዙውን ሰው ዓይን አይመስልም። የመድኃኒቱንም መጠን በዓይኑ ልክ አስሉ፦ በጥንቸል ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በሰው ደግሞ 4 ገደማ ነው።

መድኃኒቱ ሳይታሰብ እንዳይነቃ ጥንቸሎቹ በጨለማ ይቆያሉ፤ ፈተናው ያለውም ጨለማው ላይ ነው። ደሴ የሠራንበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነን ጨረስን አልን። ግማሽ ሰዓት ተዘግቼ ስቀመጥ ግን ዓይኔ ጨለማውን ለመደና የምስማር ቀዳዳዎቹ በኮርኒሱ ስንጥቅ እንደ ከዋክብት ታዩኝ። እናንተም በቀትር ያለ ስልክ ገብታችሁ ተቀመጡ።

የባሰው የመጣው በመብራት ነው። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ስለነበር ማብሪያው እንዳልጠፋ ማንም ልብ አላለም። ሌሊት መብራት መጣ፤ አምፖሉ እስኪነጋ በራ። «መድኃኒት ብቻ» ያልናቸው ጥንቸሎች ብርሃን ሲያገኙ አደሩ። ሙከራው ተበላሸ፣ የእንስሳቱም ስቃይ ለከንቱ ሆነ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ አምፖሉን ራሱን አወልቃለሁ።

«ቀይ መብራት ምንም አያደርግም» የሚላችሁንም አትስሙ። ቀይ ብርሃን ጨለማን የለመደ ሬቲናን ብዙም አይረብሽም፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብርሃን የሚያነቃውን ሌላ የዓይን መድኃኒት ቬርቴፖርፊንን ለምሳሌ ብትወስዱ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ቢሆንም፣ የሚነቃው በ689 ናኖሜትር ቀይ ጨረር ነው። የሥራ መብራታችሁን የምትመርጡት መድኃኒቱ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ አይታችሁ ይሁን።

ኤሌክትሮሬቲኖግራም፣ ማለትም ሬቲናው ለብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ፣ ከመርፌው በፊትም በኋላም ይነሣ፤ የፊተኛው ከሌለ የኋለኛው ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ወደ ታች የሚወርደው ሞገድ የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱን፣ ተከትሎ የሚወጣው ደግሞ ከእነሱ መልእክት የሚረከቡትን ሁኔታ ያሳያል።

ማሽኑ ግን የመላውን ሬቲና ድምር ስለሚያነብ ትንሽ ቃጠሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ሬቲናው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ብርሃን ያረፈበትም ያላረፈበትም። የሚያየው ሰው የትኛው ዓይን ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አይነገረው።