ክፍል ክፍል ሰውነት ያላቸውን እንስሳት እንዴት እንለያቸው?

መጀመሪያ እግሩን እዩ። ጠንካራ ቅርፊትና መገጣጠሚያ ያለው እግር ካለው አርትሮፖዳ ነው፣ ጊንጥ ሸረሪት ምናምን። ለስላሳ ትል ከሆነ አኔሊዳ፣ ማለትም ቀለበት ቀለበት ሰውነት ያላቸው ትሎች ወገን፣ ሊሆን ይችላል (አባጨጓሬ እንዳይሸውዳችሁ፣ እሱ የቢራቢሮ ልጅ ነው)።

ከዛ የአኔሊዳን ዓይነት ለመለየት ጸጉር ፈልጉ። የምድር ትልን ሆዷን ከጭራ ወደ ጭንቅላት በጣት ዳበስ ብታደርጉ ሻከር ይላል፣ አፈሩን ቆንጥጣ የምትሄድባቸው ጥቃቅን ጸጉሮች ናቸው። አልቅት ግን ጸጉር የላትም ማለት ይቻላል፣ ከፊትም ከኋላም መምጠጫ አላት፣ ደሞ ከውጭ የሚታየውን ቀለበት ቆጥራችሁ ክፍሏ ይሄን ያህል ነው እንዳትሉ፣ አንዱ ክፍል ላይ ብዙ ቀለበት አለ። ፖሊኬታ የሚባሉት የባህር አኔሊዳዎች በየክፍሉ ግራና ቀኝ መቅዘፊያ መሳይ ነገር አላቸው፣ ጸጉራቸውም ብዙ ነው።

ድሮ ሦስቱን ለየብቻ ነበር የሚመድቧቸው፣ ዲኤንኤ ሲታይ ግን አልቅትም የምድር ትልም ከፖሊኬታ መሀል የወጡ ቅርንጫፍ ሆነው አረፉት።