ለአዋቂዎች የአሻንጉሊት ቲያትር፦ ስድስት ሆናችሁ እንዴት ትሠሩታላችሁ?

አሻንጉሊት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሥራውን ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «ለሕፃናት ነው?» የሚል ይሆናል። አይደለም። ከወረቀት የተሠራ ሽማግሌ፣ ቤቱ በሚፈርስበት ቀን ማለዳ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት አዋቂዎች በዝምታ ሲያዩት አይቻለሁ። እኛ በሰፈር አዳራሽ ያቀረብነው ይህንን የ15 ደቂቃ ታሪክ ነው። እንዴት እንደሠራነው ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሰው

ስድስት ሰው ይበቃል። ሦስቱ አሻንጉሊቱን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ድምፅ ይሆናል፣ አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያያል። አዘጋጁ እሱ ነው። ሰው አነሰን ብላችሁ ይህን ስድስተኛ ሰው አትተዉት። አሻንጉሊት የያዘ ሰው ከተመልካች በኩል ምን እንደሚታይ ማወቅ አይችልም።

ለማንቀሳቀስ ጨዋታ አዋቂውን ሳይሆን ትዕግሥተኛውን ምረጡ። ከእኛ ቡድን የአሻንጉሊቱን እግር የምትይዘው ልብስ ሰፊ ናት። እጇ አይቸኩልም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው።

ታሪኩ ትንሽ ይሁን

አንድ መፈተኛ አለኝ። ታሪኩን ተዋናይ እኩል የሚሠራው ከሆነ ለተዋናይ ተዉለት። አሻንጉሊት ረጅም ክርክር አይሆንለትም። ዕቃ ማንሳት፣ ማየት፣ መልሶ ማስቀመጥ ግን በእሱ እጅ ሲሆን ሌላ ክብደት ያገኛል። የእኛ ሽማግሌ ሌሊቱን ሙሉ የሚወስደውንና የሚተወውን ይለያል። ሬዲዮ፣ የቆርቆሮ ሳህን፣ የልጁ ፎቶ። ንግግሩ በሙሉ አንድ ገጽ አይሞላም።

ከባድ ጉዳይም አትፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 በኬፕታውን የተመሠረተው ሃንድስፕሪንግ የተባለው ቡድን፣ በ1997 የአፓርታይድን ዘመን በደል ስለሰማው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በቀረበ ተውኔት ውስጥ ምስክሮቹን በአሻንጉሊት አቅርቧል። ምስክሮቹ የሚናገሩት የተጎዳ ሰው እውነተኛ ቃል ነው። ተዋናይ «እሱ እኔ ነኝ» ሲል የሚከብድ ነገር አለ። አሻንጉሊት ቃሉን ይሸከማል እንጂ ባለቤቱ ነኝ አይልም። የሰፈራችሁን ሰው ታሪክ የምትወስዱ ከሆነ ግን ቤቱ ሄዳችሁ አስፈቅዱ።

አሠራሩ

ቁመቱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ይሁን። ጋዜጣ ጨምድዳችሁ በፕላስተር እየጠቀለላችሁ የጭንቅላት ቅርጽ አውጡ። በላዩ ላይ ካኪ ወረቀት በኮላ እየነከራችሁ ለጥፉ። ወረቀቱን በመቀስ አትቁረጡት፣ በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ጠርዝ ስፌቱ አይታይም። ነጩን ኮላ ሁለት እጅ፣ ውኃውን አንድ እጅ አድርጉ። ኮላው ከተወደደ የስንዴ ዱቄት አፍልታችሁ ተጠቀሙ፤ እንዳይሻግት ጨው ጣል አድርጉበት። አራት ወይም አምስት ድርብ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። እኛ በክረምት ጀምረን አንዱ ድርብ ሁለት ቀን ይፈጅብን ነበር።

ፊቱ ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሽማግሌያችን ፈገግ ያለ ነበር። በሩን የሚቆልፍበት ቦታ ላይ ሰው ሳቀ። ፊት ደስታም ኀዘንም ሳይጻፍበት ሲቀር ነው ተመልካቹ የራሱን ስሜት የሚያነብበት። እንደገና ሠራነው። ቅንድቡን ወደ ፊት አወጣን፣ የዓይኑን ጉድጓድ አጠለቅን፣ ከንፈሩን ገጠምን። ከዚያ ወዲህ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ጥላው ያዝናል፣ ቀና ሲል ፊቱ ይበራል።

ትከሻው እንጨት፣ ደረቱ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ እጅና እግሩ ሸምበቆ ይሁን። መገጣጠሚያዎቹን በሲባጎ እሰሩ። ጫማው ውስጥ ትንሽ አሸዋ ጨምሩ፤ ጭንቅላት ይቅለል፣ እግር ይክበድ። ከጭንቅላቱ ኋላ አንድ ጣት ተኩል የምታህል እጀታ፣ ከእያንዳንዱ እጁ ኋላ ቀጭን እንጨት ይበቃል።

ሦስት ሰው፣ አንድ ትንፋሽ

ሦስት ሆኖ አንድ አሻንጉሊት መያዝ በኦሳካ የሚታወቀው የጃፓኖች ቡንራኩ ስልት ነው። ዋናው ሰው ራስና ቀኝ እጅ ይይዛል፣ ሁለተኛው ግራ እጅ፣ ሦስተኛው እግር። በእነሱ ልማድ እግር ለመያዝ ብቻ 10 ዓመት ይሠለጠናል ይባላል። እኛ ስምንት ሳምንት ነበረን። ያንን ጊዜ በአብዛኛው ያዋልነው ለትንፋሽ ነው።

እንዲህ ጀምሩ። አሻንጉሊቱ ይቀመጥ። ምንም አያድርግ። ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይበል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይበል። ሦስቱም ሰዎች አብረውት ይተንፍሱ፣ ድምፁ እስኪሰማ። ይህን በየልምምዱ አሥር ደቂቃ ሥሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሳትነጋገሩ አብራችሁ ትነሳላችሁ።

ከዚያ ወደ ድርጊት ግቡ። ማንኛውም እንቅስቃሴ በትንፋሽ ይጀምር። ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት ይየው፣ አየር ይሳብ፣ ከዚያ እጁ ይሂድ። እግሩ ጠረጴዛውን ይርገጥ። በአየር ላይ የተንሳፈፈ ቀን ተመልካቹ ወረቀት መሆኑን ያስታውሳል። እናንተም የአሻንጉሊቱን ማጅራት እዩ እንጂ ሰዉን አትዩ። ዓይናችሁ ወደ አዳራሹ ከሄደ የሰዉም ዓይን ይከተላችኋል። ፊታችሁን መሸፈን ግድ አይደለም፣ ጥቁር ልብስ ይበቃል።

በዕድሜ ትንሹ ከታላቁ ጋር ሲሠራ ሌላ ችግር አለ። ወጣቱ «ጋሼ፣ እጅዎ ቀድሞኛል» ለማለት ያፍራል። እኛ ከመጀመሪያው ቀን ተስማማን፤ በልምምድ ሰዓት የሚወቀሰው ሰዉ ሳይሆን አሻንጉሊቱ ነው። «ሽማግሌው ግራ እጁ ቸኮለ» ይባላል። ማንም አልተቀየመም።

ጠረጴዛና መብራት

ሁለት ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። መብራቱ ከግራና ከቀኝ ይምጣ፤ ከፊት ከመጣ ፊቱ ይሞታል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሁለት የተሞላ ባትሪ አጠገባችሁ ይኑር። ወንበሮቹን ከአምስት ረድፍ አታስበልጡ። ትንሽ ፊት ከሩቅ አይነበብም። ሰው ከበዛ ሁለት ጊዜ አሳዩ።

የዝግጅቱ ቀን

ማስታወቂያው ላይ «ለአዋቂዎች» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ። ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ግን አይጠፋም፤ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ታሪኩን በአጭሩ ይንገረውና ወላጁ ራሱ ይወስን።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው ብሬድ ኤንድ ፐፔት ቲያትር ከትርኢቱ ጋር ለተመልካቹ ዳቦ ያካፍላል። እኛም ድፎ ዳቦ ቆርሰን ሰዉን አስቀረነው። ወሬው የጀመረው ያኔ ነው። አንዲት እናት የእሳቸውም ቁልፍ እስካሁን ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ ነገሩን፤ አውጥተውም አሳዩን። ሽማግሌውን በእጃቸው እንዲይዙት ሰጠናቸው። ትንፋሹ እንዴት እንደሚሠራ የእግር ያዣችን እጃቸውን ይዛ አሳየቻቸው።