ሙቀት ለከበዳቸው የጓሮ ዶሮዎች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ዶሮ አታልብም። ላብ የሚያወጣ እጢ የላትም። በዚያ ላይ የሰውነቷ ሙቀት በጤናዋም ቀን 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ላባ ለብሳ ነው የምትውለው። ሙቀት የምታስወጣው በትንፋሿ፣ አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ፣ በእግሯና ላባው በሳሳበት የክንፏ ሥር ነው። መውጫው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስበው ቬንትሌተር ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ውሃውን፣ ከዚያ ጥላውን፣ ከዚያ የመኖ ሰዓቱን ነው። ቬንትሌተር በመጨረሻ ይምጣ።

ከሁሉ በፊት አንድ ቴርሞሜትር ዶሮ ቤት ውስጥ፣ ዶሮዎቹ በሚያድሩበት የቆጥ ከፍታ ላይ ስቀሉ። ደጅ ያለው ቁጥር ስለ ዶሮ ቤቱ ብዙ አይነግራችሁም። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ለአዋቂ ዶሮ ምቹ ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ማለክለክ ይጀምራሉ። 35 ካለፈ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ወደ 38 ሲደርስ፣ በተለይ ወበቅ ካለበት፣ ሞት ሊመጣ ይችላል። ወበቅ የሚከፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ማለክለክ የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ ከጉሮሮዋ ሲተን ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ከሆነ እንደ ልብ አይተንም።

አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ከጎኗ አርቃለች

ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሰውነቷን እያቀዘቀዘች ነው። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ከተወች አትደንግጡ። ግን ማለክለክ ራሱ ጉልበት ይበላል፣ ውሃም ያሟጥጣል። ቀኑን ሙሉ ካለከለከች የሆነ ነገር ማስተካከል አለባችሁ።

ጥላው በቂ መሆኑን እዩ። ጥላ ስንል የዛፍ ጥላ አንደኛ ነው። ዛፍ ከሌለ የጥላ መረብ ወይም ጆንያ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ፤ ንፋስ በሥሩ ይለፍ። ላስቲክ ዝቅ አድርጎ በአራቱም ጎን መጋረድ ጥላ ሳይሆን ምድጃ መሥራት ነው። ፀሐይ ስትዞር ጥላው የት እንደሚሄድም ተከታተሉ። ጠዋት ያማረ ጥላ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ ሊገኝ ይችላል።

ከጥላው ሥር ያለውን አፈር ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፍክፉበት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አንዷን ዶሮ ተመልከቱ። ላይ ላዩን ደረቅ አፈር በእግሯ ትጭራለች፣ እርጥቡ ጋ ስትደርስ ታቆማለች፣ ሆዷን ትለጥፍበታለች፣ አንድ ክንፏን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ማለክለኩም ቀስ በቀስ ይረግባል። ምንም ወጪ የለውም።

መጠጫው ሙሉ ነው፣ እሷ ግን አትጠጣም

ጣታችሁን ውሃው ውስጥ ክተቱ። ሞቅ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ዶሮ የሞቀ ውሃ አትወድም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ መጠጫ በአንድ ረፋድ ይሞቃል። የቧንቧ ጎማም እንደዚሁ። ፀሐይ ላይ ተጠቅልሎ ከዋለ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ እጅ ይለበልባል። ቀዝቃዛው እስኪመጣ መሬት ላይ አፍስሱት፣ ከዚያ ቅዱ።

አንዲት አዋቂ ዶሮ በአዘቦት ቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። በሙቀት እጥፍና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። ስለዚህ መጠጫው አንድ ብቻ መሆን የለበትም። ጉልበተኛዋ ዶሮ መጠጫው አጠገብ ከቆመች ደካሞቹ አይደፍሩም፤ ጥላ ውስጥ ቆመው ያለከልካሉ እንጂ። ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ፣ ሁሉም ጥላ ላይ፣ ዶሮዎቹ በሚውሉበት አቅራቢያ። ዶሮ በጠራራ ፀሐይ ግቢ አቋርጣ ውሃ ፍለጋ አትሄድም።

ቀኑ ሲከፋ ውሃ ሞልታችሁ በረዶ ያደረጋችሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠጫው ውስጥ ጣሉ። ለረጅም ሰዓት ያቀዘቅዘዋል። ጠለቅ ያለ ውሃ ያለበት ሰፊ ሳህንም ጠቃሚ ነው፤ አንዳንዶቹ ገብተው ይቆሙበታል፣ በእግራቸው ሙቀት ይወጣል። ጫጩት ካለ ግን ጥልቅ ሳህን አታስቀምጡ፣ ይሰምጣሉ።

እንቁላሉ ቀነሰ፣ ቅርፊቱ ሳሳ

እዚህ ሁለት ነገር ተደራርቧል። አንደኛ፣ የሞቃት ዶሮ ትንሽ ነው የምትበላው፤ ያልበላችውን ደግሞ እንቁላል ማድረግ አትችልም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ታስወጣለች። በዚህ የተነሳ የደሟ አሲድነት ይቀንሳል፣ ለቅርፊት የሚሆነው ካልሲየምም በደሟ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ቅርፊቱ ሳስቶ ሲሰበር ጥፋቱ ሁልጊዜ የመኖው አይደለም።

መፍትሄው መኖ መጨመር ሳይሆን ሰዓቱን መቀየር ነው። የተበላ መኖ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ረፋድ ላይ ጠግባ የበላች ዶሮ ሙቀቷ የሚያይለው ልክ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ስለዚህ ሳይነጋ ወይም እንደነጋ አብሏቸው፣ ረፋዱ ላይ መኖውን አንሱ፣ ሲበርድ መልሱ። ውሃው ግን በፍጹም አይነሳ።

የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብቻው በሳህን አቅርቡ፤ የፈለገችው ትውሰድ። አመሻሽ ላይ ቢቀርብ ይመረጣል፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነውና። በውሃ የራሰ መኖ ይወዳሉ፣ ግን በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። የተረፈውን ወዲያው ድፉት። እንቁላሉንም በቀን ሁለት ሦስቴ ሰብስቡ፤ አውራ ካላችሁ በሙቀት የተተወ እንቁላል ጽንስ ማብቀል ይጀምራል።

ኩሱ ውሃ ሆነ

ብዙ ስለጠጣች ነው። በሙቀት ቀን የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ውሃ አትከልክሏት። ደም ካለበት ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ቀኑን ተርፈው ሌሊት ይታፈናሉ

በሙቀት ወቅት ጠዋት ከቆጥ ሥር ሞታ የተገኘች ዶሮ ብዙ ጊዜ ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ማስወጣት ያልቻለች ናት። ጥፋቱ የቤቱ ነው።

ጣሪያውን ከውስጥ በእጃችሁ ዳስሱ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እጅ አያስነካም። ያ ሙቀት ቁልቁል ወደ ዶሮዎቹ ይወርዳል። ከላይ ነጭ ኖራ ቀቡት። ሣር ወይም ገለባ አልብሱት። ከሁሉ የሚሻለው ከቆርቆሮው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትቶ ሁለተኛ ሽፋን ማድረግ ነው፤ በመሃሉ አየር ያልፋል።

የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። መስኮት ከታች ብቻ ያለው ዶሮ ቤት አየሩን አምቆ ያድራል። ከጣሪያው ሥር በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ክፈቱ፣ አውሬ እንዳይገባ በጠንካራ ሽቦ ሸፍኑ። ሲመሽ ገብታችሁ ተንፍሱ። ዓይናችሁን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ አሞኒያ፣ ማለትም ከኩስ የሚወጣ ጋዝ፣ ተጠራቅሟል፣ አየርም አልገባም። ጉዝጓዙም ወፍራም ሆኖ እየበሰበሰ ከሆነ እሱም ሙቀት ያመነጫል። ጥረጉትና ሰጋቱራውን ሳሳ አድርጋችሁ አንጥፉ።

አሁን ቬንትሌተር። አየሩ ከዶሮዋ ሰውነት ቀዝቀዝ እስካለ ድረስ በደንብ ይረዳል። አየሩ 40 ሲጠጋ ግን ሙቅ አየር መልሶ ይነፋባታል፤ ያኔ እርጥበት ያስፈልጋል። ቀጭን ጤዛ የሚረጭ መርጫ ለደረቅ አገር ግሩም ነው፤ ወበቅ ላለበት ግን ነገሩን ያባብሳል። በሁለቱም ቢሆን ጉዝጓዙ እንዳይረጥብ፤ እርጥብ ጉዝጓዝ በሽታ ይጠራል። የኤሌክትሪክ ገመዱንም ዶሮ ከማይነካውና ውሃ ከማይደርስበት ቦታ አሳልፉት።

ተንገዳገደች፣ ወይም ተዘርግታ ተኛች

ይህ ድንገተኛ ነው። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ ታዩታላችሁ፣ ዓይኗን ትከድናለች፣ ስትጠሯት አትነሳም። ቶሎ ከሚወድቁት ውስጥ ፈጥነው የሚደልቡት የሥጋ ዶሮዎች፣ የወፈሩ አሮጊት ዶሮዎችና ጎጆ ላይ የታቀፉት ይገኙበታል። የታቀፈችዋ ውሃ ፍለጋ አትነሳምና አንሷት፣ አጠጧት፣ መልሷት።

የወደቀችውን ወደ ጥላ ውሰዱ፣ አታባርሩ፣ አታሯሩጡ። ቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ያልሆነ ውሃ በባልዲ አዘጋጁ። እግሯንና ሆዷን ንከሩ፣ ራሷን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ከላይ ውሃ ብታፈሱ ላባው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ቆዳዋ ጋ አይደርስም፤ ላባውን በጣታችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉ። የበረዶ ውሃ ድንጋጤ ስለሚፈጥር ተዉት። ከነቃች በኋላ መንቆሯ ጫፍ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉላት። አፏን ከፍታችሁ ብታጎርሷት ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዶሮ የሚሸጥ ኤሌክትሮላይት (በውሃ የሚበጠበጥ የማዕድን ጨው) ካላችሁ በማሸጊያው ልክ በጥብጡ፣ ከጎኑ ንጹሕ ውሃም አስቀምጡ። እስክትረጋጋ ለብቻዋ ትቆይ፤ ደካማ ዶሮ ስትመለስ ሌሎቹ ይጠቀጥቋታል።

ጫጩቶቹ ከመብራቱ ሸሹ

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሙቀት ሁሉ አይጎዳትም። ከመብራቱ ሸሽተው ዳር ዳሩን ከተበተኑና ካለከለኩ ግን በዝቶባቸዋል። መብራቱን ከፍ አድርጉት፣ አየሩ ራሱ በቂ ከሆነም አጥፉት።

ሙቀት ላይሆን ይችላል

ዋናው መለያ ሰዓቱ ነው። የሙቀት ምልክት ከፀሐዩ ጋር ይመጣል፣ ሲበርድ ይቀላል። በቀዝቃዛ ጠዋትም ካለከለከች፣ ካነጠሰች፣ ጉሮሮዋ ከተንኮራኮረ፣ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወረደ የመተንፈሻ በሽታ ጠርጥሩ። አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ ኩሷ አረንጓዴ ከሆነና ሞቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በፍጥነት ከተዛመተ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ኩስ ውስጥ ደም ከታየ፣ በተለይ በቄቦች ላይ፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን በሽታ አስቡ። የታመመችውን ለዩ፣ ከመንጋው ወደ ሌላ ሰው ዶሮ አትውሰዱ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የሞተችውንም አትጣሏት፤ ሐኪሙ ከፍቶ ማየት ሊፈልግ ይችላል፣ እስኪመጣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩለት።