የድርጅትን የኢሜይል መለያዎች በትእዛዝ መስመር እንዴት መቆጣጠር እንደሚቻል

1,200 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት የኢሜይል ኃላፊ ነዎት እንበል። «የማን የመልእክት ሳጥን ሊሞላ ነው?» ተብለው ቢጠየቁ የእያንዳንዱን ሰው ገጽ እየከፈቱ መመልከት ቀናት ይፈጃል። ድርጅቱ የሚጠቀመው የማይክሮሶፍትን የኢሜይል አገልግሎት ኤክስቼንጅ ኦንላይንን ከሆነ ግን ፓወርሼል የተባለው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚቀበል ፕሮግራም በጥቂት መስመር ዝርዝሩን ያወጣልዎታል። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

በመጀመሪያ «ኢንስቶል-ሞጁል ኤክስቼንጅኦንላይንማኔጅመንት» ብለው መሣሪያውን ይጫኑ፤ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። ቀጥሎ «ኮኔክት-ኤክስቼንጅኦንላይን» ሲሉ የመግቢያ መስኮት ይመጣል። ሥራዎ ሪፖርት ማውጣት ብቻ ከሆነ ሁሉን በሚችል የአስተዳዳሪ መለያ አይግቡ፤ ማየት እንጂ መለወጥ የማይፈቅደው፣ ግሎባል ሪደር የተባለው የሥልጣን ደረጃ ይበቃዎታል። በ«ጌት» የሚጀምር ትእዛዝ ያነባል፣ በ«ሴት» የሚጀምር ይለውጣል፣ በ«ሪሙቭ» የሚጀምር ይሰርዛል። እጅዎ እስኪለምድ ድረስ ከ«ጌት» አይውጡ።

አሁን «ጌት-ኢኤክስኦሜይልቦክስ» ብለው ይጻፉና «-ሪዘልትሳይዝ አንሊሚትድ» የሚለውን ያክሉበት። ያለዚህ ትእዛዙ 1,000 ሳጥን ቆጥሮ ይቆማል፤ 200 ሰዎች ከሪፖርቱ ይቀራሉ። ከዚያ ቋሚ መስመር (|) አስገብተው ውጤቱን ወደ «ጌት-ኢኤክስኦሜይልቦክስስታቲስቲክስ» ያስተላልፉ። ስሙን፣ የመልእክቱን ብዛትና የሳጥኑን መጠን በ«ሴሌክት-ኦብጀክት» ይምረጡ፤ «ኤክስፖርት-ሲኤስቪ» በኤክሴል የሚከፈት ፋይል ያደርጋቸዋል።

የአማርኛ ስም ያለበት ዝርዝር ከሆነ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፓወርሼል 5.1 ፋይሉን የአማርኛ ፊደል በማያውቀው በአስኪ የፊደል አጻጻፍ ስለሚጽፈው «አበበ» የሚለው ስም «???» ሆኖ ይወጣል። ፊደሉ የጠፋው ሲጻፍ ነውና ከዚያ ፋይል መልሶ ማግኘት አይቻልም። መድኃኒቱ «-ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8» ብሎ የአማርኛን ፊደል የሚይዘውን አጻጻፍ መምረጥ ነው። በፓወርሼል 7 ፊደሉ አይጠፋም፤ ኤክሴል ግን የተዘበራረቀ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል «ዩቲኤፍ8ቦም» ይበሉት። ይህችን ቃል ለመጨመር አይስነፉ፤ የሰው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሪፖርት ላይ መውጣት የለበትም።

ከመጠኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ሪፖርት ነው። የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ብዙ ጊዜ የመልእክቶቹ ቅጂ ወደ ውጭ አድራሻ እንዲሄድለት አድርጎ ይወጣል፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ቢቀይርም ቅጂው መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ «ጌት-ሜይልቦክስ» ከሚያወጣው ውስጥ «ፎርዋርዲንግኤስኤምቲፒአድረስ» የሚለው ባዶ ያልሆነባቸውን ለይተው በየሳምንቱ ይመልከቱ። በ«ጌት-ኢንቦክስሩል» ደግሞ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ መልእክትን በራሳቸው የሚያስተላልፉ ደንቦች መኖራቸውን ይፈትሹ።

ሠራተኛ ሲለቅ ሳጥኑን ለመሰረዝ አይቸኩሉ። መግቢያውን ይዝጉ፤ ከዚያ በ«ሴት-ሜይልቦክስ» እና በ«-ታይፕ ሼርድ» ሳጥኑን ወደ የጋራ ሳጥን ይለውጡት። እስከ 50 ጊጋባይት ድረስ ያለ ፈቃድ (ላይሰንስ) ክፍያ ይቀመጣል። የሚከፈልበትን ፈቃድ የሚያነሱት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሳጥኑ ከ30 ቀን በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ትእዛዙን ከማስፈጸምዎ በፊት መጨረሻው ላይ «-ዋትኢፍ» ጨምረው አንዴ ያስኪዱት፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይነግርዎታል። የተጻፈው ስም እርስዎ ያሰቡት ሰው መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ቃሉን አንስተው ይድገሙት፤ ሲጨርሱ በ«ዲስኮኔክት-ኤክስቼንጅኦንላይን» ይውጡ።