ፎስፌቱ አልታይ ሲል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ የባዮሜዲካል ተማሪዎች

ችግር፦ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚለይበት ዘዴ) ጠቅላላው የኢጂኤፍ ሪሴፕተር (ከሴሉ ውጪ ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን) ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፎስፌት የያዘው ግን የለም።

ሴሎቹ ላይ ኢጂኤፍ (የእድገት ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን) ጨምራችኋል፣ ዌስተርን ብሎቱም ደህና ወጥቷል። አዲስ አንቲቦዲ ከማዘዛችሁ በፊት ሰዓታችሁን ተጠራጠሩ።

ኢጂኤፍ ከሴሉ ውጪ ሪሴፕተሩን ሲይዝ ሁለት ሪሴፕተሮች ይጣመራሉ። ከዚያ በውስጠኛው ጫፋቸው አንዱ የሌላውን ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ግርብ2 የተባለ አገናኝ ፕሮቲን እዚያ ላይ ኤስኦኤስ የተባለውን ፕሮቲን ይዞ ይቀመጣል። ኤስኦኤስ «ራስ» (Ras) የተባለውን ፕሮቲን ያነቃል፤ ራፍ፣ ሜክና ኤርክ የተባሉት ኢንዛይሞች በተራ ይከተላሉ። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፎስፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌቱን ያነሱታል፣ ሴሉም ሪሴፕተሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሴሎቹን ዘግይቶ የሰበሰበ ሰው የሚያገኘው ጸጥ ያለውን ሪሴፕተር ነው።

መፍትሄው በ0፣ 2፣ 5፣ 15 እና 60 ደቂቃ መሰብሰብ ነው። ፎስፋቴዝ ሴሉ ከፈረሰ በኋላም ይሠራል። ስለዚህ በረዶ ላይ ሥሩ፣ ሴል ማፍረሻው ፈሳሽ ውስጥም ፎስፋቴዝን የሚያግደውን ሶዲየም ኦርቶቫናዴት ጨምሩ። የደሴ ብርድ በረዶን አይተካም! ናሙና ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ከኤስዲኤስ (ፕሮቲንን ከቅርጹ የሚያፈታ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ጋር አፍሉት። ኢንዛይሙ እዚያው ያበቃለታል።

ፕሮቶኮሉ 95 ዲግሪ ይላል፤ ደሴ ላይ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በዚህ አትጨነቁ፤ 10 ደቂቃ ብታቆዩት ይበቃል።

ችግር፦ ኢጂኤፍ ሳይጨመርም ምልክቱ ደማቅ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሴሎቹ ምግብ ውስጥ ያለው ሴረም ነው፤ ራሱ የእድገት ፋክተሮች አሉበት። ሴሎቹን ያለ ሴረም አሳድሯቸው። ካልጠፋ የሴሉን ዘር አጣሩ። ኸር2 (የኢጂኤፍ ሪሴፕተር ዘመድ) በብዛት ያላቸው የጡት ካንሰር ሴሎች የሚነካቸው ሳይኖር ምልክት ይልካሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት የመጣው ለእነዚህ ነው። ሪሴፕተሩ ጸጥ ብሎ ኤርክ ብቻ ከበራ ደግሞ «ራስ» በተባለው ፕሮቲን ላይ ሚውቴሽን ፈልጉ። ከታች የነቃን መስመር ላይኛውን በር መዝጋት አያቆመውም። የኢጂኤፍ ሪሴፕተርን የሚዘጋው መድኃኒት ሴቱክሲማብ ኬራስ (አንዱ የ«ራስ» ዓይነት) የተለወጠበት የአንጀት ካንሰር ላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ይህን የምትረዱት ከመጽሐፉ ይልቅ በገዛ ብሎታችሁ ላይ ስታዩት ነው።

ችግር፦ ሜምብሬኑ ሁሉ ጠቆረ።

አንቲቦዲው ያለቦታው እንዳይጣበቅ ሜምብሬኑን በወተት ሸፍናችሁት ይሆናል። የወተት ኬዚን ፎስፌት ስላለው አንዳንድ አንቲቦዲ ይይዘዋል። በቢኤስኤ (የከብት ሴረም አልቡሚን) ቀይሩት።