«ጣና ሸሸ» የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ ወሩን ፈልጉ

«በአየር ንብረት ለውጥ ጣና እየደረቀ ነው» የሚል ዜና ከሁለት ፎቶ ጋር ሲደርሳችሁ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ፎቶዎቹ በየትኛው ወር እንደተነሡ አጣሩ። ሐይቁ ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝቅ ይላል። ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ በጥቅምት ውኃ ውስጥ የቆመው ደንገል በግንቦት ሥሩ ጭቃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ግንቦት የሚወዳደረው ከግንቦት ጋር ብቻ ነው።

ቀጥሎ በዘገባው ውስጥ «ጨረጨራ» እና «በለስ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ነው፤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በዋሻ ውኃ ይወስዳል። የውኃው ከፍታ በሰው እጅም ስለሚወሰን፣ እነዚህን ሳያነሳ ሁሉንም በአየር ንብረት ላይ የሚጭን ዘገባ፣ ለእኔ፣ ትልቁን ነገር ዘሏል።

ዜናው ስለ ሙቀት ወይም ስለ ዝናብ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም፤ እዚያ የ30 ዓመት ገደማ መዝገብ መጠቀሱን እዩ። የምድር መሞቅ ራሱ በመለኪያ የተረጋገጠ ነውና፣ እባካችሁ ይህን ዘዴ እሱን ለመካድ አትጠቀሙበት።